ጠፋ የተባለው ውሃ መጀመሪያስ ተመርቶ ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የከተማን ውሃ፣ ቆሻሻና ኃይል ሳያባክኑ ስለማስተዳደር ሙያ የሚጠይቁ ናቸው። ረጃጅሞቹን አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። በአንድ መካከለኛ ከተማ የውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጀማሪ ባለሙያ ነኝ። በቀን 3,600 ሜትር ኩብ እናመርታለን፤ ቢል የምንቆርጥበት ግን 2,250 ብቻ ነው። 37.5 በመቶው ጠፋ ማለት ነው። ኃላፊዬ «የደንበኛውን ቆጣሪ በሙሉ እንቀይር» ይላሉ። እኔ ደግሞ የሚያፈሰው መስመሩ ነው ባይ ነኝ። ማናችን ነን ልክ? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ምናልባት ማናችሁም። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት 3,600 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ነው። በላኩልን ሰንጠረዥ ሁለት ጉድጓዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ፓምፕ በሰከንድ 25 ሊትር እየሰጠ በቀን 20 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ተባዝቷል። ይህ የተለካ ምርት አይደለም። ፓምፑ ላይ የተለጠፈው ቁጥር በሥራ ሰዓት ተባዝቶ የተገኘ ነው። ፓምፑ አዲስ ሳለ 25 ሊትር ሰጥቶ ይሆናል። ኢምፔለሩን (ውስጡ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋውን ክፍል) አሸዋ ሲበላው ወይም የጉድጓዱ ውሃ ወደታች ሲርቅ ግን የሚሰጠው እያነሰ ይሄዳል፤ መዝገቡ ላይ ያለው 20 ሰዓት ግን ንቅንቅ አይልም።

ለማጣራት ሜትርና የእጅ ሰዓት ይበቃል። ክብ ማጠራቀሚያችሁ ከውስጥ ዳር እስከ ዳር 12.6 ሜትር ስለሆነ የወለሉ ስፋት ወደ 125 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውሃው ከግማሽ በታች ሲሆን፣ ለደንበኛ በማይለቀቅበት ሰዓት መግቢያውንም መውጫውንም ዝጉና አንድ ሰዓት ጠብቁ። ከፍታው መውረድ የለበትም። 1 ሴንቲ ሜትር ከወረደ በሰዓት 1.25፣ በቀን 30 ሜትር ኩብ ያመልጣል ማለት ነው፤ ወይ መውጫው ቫልቭ አልገጠመም፣ ወይ ወለሉ ተሰንጥቋል። ይህን መዝግባችሁ ስትጨርሱ መውጫውን እንደዘጋችሁ አንዱን ፓምፕ ብቻ ለአንድ ሰዓት አስነሱ። በሰከንድ 25 ሊትር የሚሰጥ ከሆነ ውሃው 72 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የወጣው 60 ብቻ ከሆነ ፓምፑ የሚሰጠው በሰዓት 90 ሳይሆን 75 ሜትር ኩብ ነው። ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ የቀን ምርታችሁ 3,000 ነው፤ «ጠፋ» ከተባለው 1,350 ሜትር ኩብ ውስጥ 600ው ከመሬት አልወጣም። ብክነቱም 37.5 ሳይሆን 25 በመቶ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቆጣሪ ሳይቀየር።

ሁለተኛው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ ይህን አይነግራችሁም። ቢል የሚነበበው በኢትዮጵያ ወር ነው። የፓምፑ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ግን በፈረንጅ ቀን ይመዘግባል። የነሐሴ ንባብ ጳጉሜን ጨምሮ ሲመጣ 35 ቀን ይሆናል፤ ለ30 ካካፈላችሁት ፍጆታው በ17 በመቶ የጨመረ ይመስላል። ማንኛውንም ቁጥር ወደ «በቀን» ሳትቀይሩ አታወዳድሩ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው፦ መሣሪያው 02:00 ሲል በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ነው። ለቀጣዩ ሥራ ይህ ልዩነት ሁሉን ነገር ይወስናል።

ቀጣዩ ሥራ የሌሊት ፍሰት መለካት ነው። ሌሊት ከ8 እስከ 10 ሰዓት ሰው ስለሚተኛ በመስመሩ የሚያልፈው ውሃ በአብዛኛው ፍሳሽ፣ ማለትም ከመስመሩ እየሾለከ የሚባክን ውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚሰጥበት ከተማ ግን ይህ አይሠራም፤ በዚያ ሰዓት የሚፈሰው ሮቶ እየሞላ ያለ ውሃ ነው። ስለዚህ 400 ያህል ደንበኛ ያለበትን አንድ ሰፈር ምረጡ፣ የድንበሩን ቫልቮች ዝጉ፣ ሁለት ቀን ሳታቋርጡ ስጡትና ሮቶው ሁሉ ይጥገብ። በሦስተኛው ሌሊት ለኩ። ለምሳሌ የሚገባው ውሃ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ሆነ እንበል። ለአንድ ደንበኛ የሌሊት ፍጆታ በሰዓት 2 ሊትር ብትተዉለት 0.8 ሜትር ኩብ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት አባወራ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ሰፈር ከሆነ ግን ሃያ ያህል ቆጣሪዎችን በ8 እና በ10 ሰዓት አንብባችሁ የራሳችሁን ቁጥር አውጡ። በምሳሌአችን ከ6ቱ 0.8 ሲቀነስ የቀረው 5.2 ፍሳሽ ነው። በ24 አታባዙት፤ ቀን ቀን ግፊቱ ስለሚቀንስ ፍሳሹም ይቀንሳል። በ20 ብታባዙት ለእውነታው ይቀርባል፤ በቀን 104 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል።

ፍሳሹን ለማግኘት ደግሞ ከዋናው መስመር ይልቅ ከዋናው ወደ ደንበኛ የምትወጣዋን ቅጥያ ጠርጥሩ። ሳድሉ (ቅጥያዋን ከዋናው ቧንቧ ጋር የሚያያይዘው ማቀፊያ) ሥር ያለው ጎማ፣ ግማሽ ኢንች ጋልቫናይዝዱ መንገድ የሚያቋርጥበት ቦታ፣ ከቆጣሪው በፊት ያለው መጋጠሚያ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኞች ናቸው። የብረት ዘንግ አንዱን ጫፍ መጋጠሚያው ላይ፣ ሌላውን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት ካለው አጥንት ላይ አድርጉ፤ የሚያፈስ መጋጠሚያ ሹክሹክታ አለው። የፕላስቲክ ቧንቧ ድምፅ ስለማያስተላልፍ በእሱ ላይ ማዳመጥ ልፋት ነው፤ የብረት ክፍሉን ፈልጉ። ትልቅ ቧንቧ ሲፈነዳ ከተማው ሁሉ ይደውላል። በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ቢያፈስ እንኳ በ12 ሰዓት ከተጠገነ የጠፋው 360 ነው። ማንም የማያያት፣ በሰዓት ግማሽ ሜትር ኩብ የምታንጠባጥብ ሳድል በሁለት ወር 720 ትወስዳለች። አንዱን ስትጠግኑ ግፊቱ ከፍ ስለሚል የደከመው ጎረቤቱ ይበሳል፤ ስለዚህ በጠገናችሁ በሳምንቱ የሌሊቱን ፍሰት ድጋሚ ለኩ።

ኃላፊዎ ግን በአንድ ነገር ልክ ናቸው። ሮቶ ያለው ቤት ፍሎተሩ (ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ) እየተዘጋ ሲሄድ ውሃው እንደ ክር ቀጥኖ ይገባል፤ ያረጀ ቆጣሪ ያንን አይቆጥርም። በ20 ሊትር ጀሪካን ሦስት ጊዜ ፈትኑ፦ ቧንቧውን ሙሉ፣ ግማሽ እና እንደ ክር ከፍታችሁ። በሙሉው ልክ ሆኖ በክሩ 20 ሊትር ሞልቶ ቆጣሪው 11 ካለ ችግሩ እዚያ ነው። ያም ሆኖ በሙሉ መቀየር ገንዘብ መበተን ነው። ከሆቴሎች፣ ከዩኒቨርሲቲው፣ ከማረሚያ ቤቱና ከመኪና እጥበቶች ጀምሩ። እዚያም የቆጣሪውን መጠን እዩ፤ ጥቂት ውሃ ለሚጠቀም ድርጅት የተገጠመ 2 ኢንች ቆጣሪ አዲስ ሆኖም አነስተኛውን ፍሰት አይቆጥርም።

ጥያቄ፦ ውሃ ለአራት ቀን ጠፍቶ ሲመጣ ቆጣሪው እንደ እብድ ይሽከረከራል። አየር ነው የምንከፍለው ይላሉ ጎረቤቶቼ። እውነት ነው? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ እውነትነት አለው። ባዶ የነበረው መስመር ሲሞላ ውሃው አየሩን ከፊቱ ይገፋል፤ ቆጣሪው ደግሞ አየርና ውሃ አይለይም። ውሃ በሚመጣበት ቀን ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ቫልቭ ዝጋችሁ ቆዩ። አየሩ በሌላ መንገድ ሲወጣና መስመሩ ሲሞላ በጥቂቱ ክፈቱ። ዘላቂው መፍትሔ የአገልግሎቱ ሥራ ነው፤ በመስመሩ ከፍታ ቦታዎች ላይ የአየር ማስወጫ ቫልቭ መግጠምና ያሉትን በጭቃ ከመደፈን መጠበቅ። አብዛኞቹ የተደፈኑት እዚያው ጉድጓዳቸው ውስጥ በጎርፍ ደለል ነው።

ጥያቄ፦ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አባል ነኝ። የምድር ውሃ ማጠራቀሚያችን ጥልቅ ነው፤ ፓምፑ ከውሃው 6.5 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ካታሎጉ እስከ 8 ሜትር ይስባል ይላል። ሁለት ጊዜ ቀየርን፤ ሁለቱም ይጮሃል እንጂ ውሃ አያመጣም። ሻጩ አታለለን? ደግሞስ ውሃ ለማውጣት ምን ያህል መብራት መክፈል አለብን? (አዲስ አበባ)

መልስ፦ ሻጩ አላታለላችሁም፤ ያታለላችሁ ከፍታው ነው። ፓምፕ ውሃን «አይስብም»፤ ቧንቧው ውስጥ ባዶ ቦታ ሲፈጥር ውሃውን ወደላይ የሚገፋው የአየር ክብደት ነው። በባሕር ጠለል ላይ አየር ውሃን እስከ 10.3 ሜትር ድረስ መግፋት ይችላል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ያለው አየር የሚችለው 7.7 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ካታሎጉ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው፤ ከ8 ላይ 2.6 ሲቀነስ 5.4 ይቀራል። ከዚያ የቧንቧው ሰበቃ፣ ክርኖቹና ፉት ቫልቩ (በመሳቢያው ታችኛ ጫፍ ያለው ቫልቭ) ድርሻቸውን ይወስዳሉ። በተግባር በአዲስ አበባ ከ4.5 ሜትር በላይ አትመኑ። ጩኸቱም ውሃው በአነስተኛ ግፊት ምክንያት ፓምፑ ውስጥ አረፋ ሆኖ ሲፈርስ የሚሰማ ነው፤ በጊዜ ካልታረመ ኢምፔለሩን ይቦረቡረዋል።

ሦስተኛ ፓምፕ አትግዙ። ወይ ያለውን ፓምፕ ደረቅ በሆነ ዝቅተኛ ቦታ አውርዱት፣ ወይ ውሃው ውስጥ የሚጠልቅ ፓምፕ አስገቡ። መሳቢያ ቧንቧው ከመግፊያው በአንድ ደረጃ ይስፋ፤ መግፊያው አንድ ኢንች ተኩል ከሆነ መሳቢያው 2 ኢንች ይሁን።

ስለ መብራት ክፍያው የጠየቁት ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 25 ሜትር ለማውጣት 25ን ለ367 (ወደ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚቀይር ቋሚ ቁጥር ነው) ስናካፍል 0.068 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ይህ ምንም ሳይባክን ነው። ፓምፕና ሞተሩ ተዳምረው 40 በመቶ ውጤት ቢሰጡ 0.17 ይሆናል። በቀን 30 ሜትር ኩብ የምታወጡ ከሆነ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ቆጣሪያችሁ የእጥፉን እጥፍ ካለ ቼክ ቫልቩ (ውሃ እንዳይመለስ የሚያግደው) ውሃውን ወደኋላ እየመለሰ ነው። ፓምፑን አጥፍታችሁ የምድር ማጠራቀሚያውን ጆሯችሁን ጣል አድርጋችሁ ስሙት፤ ሲንዶቀዶቅ ይሰማል።

ማጠራቀሚያውን ካጠባችሁ በኋላ ደግሞ በበረኪና አክሙት። 5 በመቶ ክሎሪን ያለው በረኪና ከሆነ ለ1,000 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ጨምሩ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ ደፍታችሁ እጠቡት። ያን ውሃ ማንም እንዳይጠጣው በየደረጃው ማስታወቂያ ለጥፉ። ሽቶ የተጨመረበትን በረኪና አትጠቀሙ።

ጥያቄ፦ በማኅበር ተደራጅተን ከአትክልት ተራ ተረፈ ምርት እየሰበሰብን ኮምፖስት እንሠራለን። ክምሩ ይሸታል፣ ዝንብ ይወረዋል፣ አይሞቅም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጭቃ ሆነ። ምን እናድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ የጎመንና የቲማቲም ተረፍ ብቻውን ውሃ ነው። ክብደቱ የራሱን አየር ይጨፈልቀውና ውስጡ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ ሽታውም ከዚያ ነው። ደረቅና ካርቦን የበዛበት ነገር ያስፈልገዋል። ጭድ፣ የቡና ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል ጥሩ ናቸው። ሰጋቱራ ጥቂት ብቻ፤ ካርቦኑ እጅግ ስለሚበዛ ሲበዛ ክምሩን ያስተኛዋል። በከተሞቻችን በነፃ የሚገኘው ሀብት ግን የጫት ገረባ ነው። ከጫት መሸጫው ጋር ተስማምታችሁ ፌስታሉን ሳይቀላቅሉ እንዲያስቀምጡላችሁ አድርጉ፤ እንጨቱን በገጀራ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ቆራርጡት። አየር የሚያስገባላችሁ እሱ ነው።

በመጠን እንነጋገር፦ ለአንድ በርሜል እርጥብ ተረፍ ሁለት በርሜል ደረቅ ብላችሁ ጀምሩ። ቀላቅላችሁ እፍኝ ጨብጡና ጭመቁ። በጣታችሁ መሐል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ፤ ስትለቁት ከፈራረሰ ውሃ ርጩበት። ክምሩ 1.5 ሜትር ከፍታና ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ወርድ ይኑረው፤ ርዝመቱ እንደ ቦታችሁ። ከአንድ ሜትር ኩብ ያነሰ ክምር ሙቀቱን አይይዝም።

በትክክል ከተሠራ በሁለት ሦስት ቀን ከ55 ዲግሪ ያልፋል። ለ15 ቀናት ከ55 ሳይወርድ፣ በእነዚያ ቀናት ውስጥ አምስት ጊዜ ከተገላበጠ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘር ይሞታሉ። ስታገላብጡ የዳሩን ወደ መሐል አስገቡ፤ ብዙ ማኅበራት ክምሩን ከቦታ ቦታ ያዛውሩና ዳር የነበረው ዳር ይቀራል። ከ65 ካለፈ ቶሎ አገላብጡ። ቴርሞ ሜትር ከሌላችሁ ዘንግ መሐሉ ድረስ ሰክታችሁ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አውጡትና ጨብጡት፤ መያዝ ካቃታችሁ ደኅና ነው። ለክረምቱ ጣሪያ ይሻላል። ካልሆነ ሸራውን ከሥሩ እንጨት አድርጋችሁ ከፍ አድርጉት፤ በቀጥታ ካለበሳችሁት ታፍኑታላችሁ። ወለሉም ወደ አንድ ጎን ያዘንብል።

ዝንቡ እንቁላል የሚጥለው ላዩ ላይ ስለሆነ አዲስ ተረፍ ባመጣችሁ ቀን አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ደረቅ ወይም የበሰለ ኮምፖስት አልብሱት።

መድረሱን ለማወቅ ቀለምና ሽታ አይበቃም። 10 ግራም ኮምፖስት በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ አጥልሉ። በውሃው ሶፍት አርሳችሁ ሃያ የፌጦ ፍሬ ዝሩበት፤ በንጹሕ ውሃ በራሰ ሌላ ሶፍት ላይም ሃያ። ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ቁጠሩ። በኮምፖስቱ ውሃ የበቀለው በንጹሑ ከበቀለው 80 በመቶ ካልደረሰ ገና ነው፤ ለደንበኛ ብትሸጡት ችግኙን ያቃጥልበትና ተመልሶ አይመጣም።

ጥያቄ፦ «የዘላቂ ከተማ ሀብት አስተዳደር ባለሙያ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። የጂኦግራፊ ምሩቅ ነኝ። ምን ይሠራል? ምን ልማር? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ስሙ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን ሂሳብ ነው። ወደ ከተማው የሚገባውን ውሃ፣ ኃይልና ዕቃ፣ ከከተማው ከሚወጣው ፍሳሽና ቆሻሻ ጋር ማመዛዘን፤ ሚዛኑ ካልገጠመ የት እንደጎደለ መፈለግ። መቅጠር የሚፈልጉት የውሃና ፍሳሽ አገልግሎቶች፣ የጽዳት አስተዳደሮች፣ ማዘጋጃ ቤቶች፣ የኢንዱስትሪ ፓርኮችና አማካሪ ድርጅቶች ናቸው። የጂኦግራፊ ሰው ካርታ ማንበብ ስለሚችል ግማሹን መንገድ ሄዷል። ኪውጂአይኤስ እና ኢፓኔት የተባሉት የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ፤ የመጀመሪያው ለካርታ፣ ሁለተኛው ለውሃ መስመር። ከሁለቱም በፊት ግን ኤክሴል ይልመዱ፤ ሊትርን ከሜትር ኩብ፣ ኪሎ ዋትን ከኪሎ ዋት ሰዓት ያምታታ ባለሙያ በካርታው ውበት አይድንም። የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ 513/1999ን፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995ን እና የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995ን ያንብቡ፤ ፌስታልን የከለከለውን የ2017ቱን አዲስ የደረቅ ቆሻሻ ሕግም ይጨምሩበት። መማር ካሰቡ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲና ለውሃው አርባ ምንጭ አሉ።

ጥያቄ፦ ለአንድ ጨረታ የቤት ለቤት ቆሻሻ መጠን ጥናት እንድሠራ ታዝዣለሁ። ሦስት ቀን ይበቃል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይበቃም። ስምንት ተከታታይ ቀን ይመዝኑና የመጀመሪያውን ቀን ይጣሉት፤ በዚያ ቀን የሚወጣው የሰነበተ ቆሻሻ ነው። ሰባቱ ቀን የሳምንቱን ገበያም ሰንበቱንም ይይዛል። ዐቢይ ጾም ላይ የተሠራ ጥናት ፋሲካን አያውቅም፤ የበዓል ሳምንት ደግሞ በቄጤማና በአጥንት ይሞላል። ነሐሴ ላይ የበቆሎ ልጣጭና ዝናብ ክብደቱን ያንሩታል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ጊዜ በበጋ፣ አንድ ጊዜ በክረምት። ሌላው የሚረሳው ቆራሌው ነው። ብረቱ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱና ካርቶኑ ማጠራቀሚያው ዘንድ ሳይደርስ በቆራሌውና በልዋጭ በኩል ይሄዳል። የተመዘነው ውስጥ ፕላስቲክ ያነሰው ሕዝቡ ስለማይጠቀም አይደለም። ከአባወራው ጋር ቆራሌውንም ይጠይቁ።

እርጥበቱን ለይተው መመዝገብ አይርሱ። አንድ ኪሎ ናሙና ቆራርጠው በ105 ዲግሪ እስኪደርቅ ድረስ በምድጃ አቆይተው ድጋሚ ይመዝኑ። ይህ ቁጥር ለማቃጠል ወይም ለኮምፖስት የሚለውን ይወስናል፤ ቆሻሻ ያለ ተጨማሪ ነዳጅ በደንብ እንዲነድ በኪሎ ቢያንስ 6፣ ቢቻል 7 ሜጋ ጁል ያህል ሊኖረው ይገባል፤ በኩሽና ተረፍ የተሞላ እርጥብ ቆሻሻ እዚያ ለመድረስ ይቸገራል። ቆሻሻ ምን ያህል ውሃ እንደያዘ አለማወቅ በክምሩም ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተናደው ክምር ከመቶ በላይ ሰው ገድሏል።

ጥያቄ፦ እዚህ እስራኤል የፍሳሽ ውሃ ታክሞ እርሻ ያጠጣል። አዲስ አበባስ የአቃቂን ወንዝ ለጎመን እያዋለች አይደል? ልዩነቱ ምንድን ነው? (ከሪሾን ለጽዮን)

መልስ፦ ልዩነቱ መሐል ላይ ያለው ነው። እርስዎ አጠገብ ያለው ሻፍዳን የተባለው የፍሳሽ ማከሚያ ጣቢያ የታከመውን ውሃ አሸዋ ውስጥ አስርጎ ከመሬት ሥር መልሶ ያወጣዋል፤ አሸዋው የመጨረሻው ማጣሪያ ነው። አቃቂ ዳር ያለው አፈር ዋልካ ነው፤ ውሃ አያሰርግም፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ያንን ዘዴ እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ከሁሉ የሚከብደው ግን የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ፍሳሽ አንድ ወንዝ ውስጥ መግባታቸው ነው። ጀርሙን ኩሬና ፀሐይ ይገድሉታል፤ ከቆዳ ፋብሪካ የወጣ ክሮም የተባለ ብረት ግን አይሞትም፣ አፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ መጀመሪያ የፋብሪካው ፍሳሽ በምንጩ ይለይ፤ የቤቱ ፍሳሽ ይታከም። እስከዚያው ገበሬው ሊያደርግ የሚችለው ጎመንና ሰላጣን ትቶ ወደ ችግኝና አበባ መዞር፣ ውሃውን ቅጠሉ ላይ ሳይሆን በቦይ መልቀቅ፣ ከመልቀሙ አንድና ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ማጠጣት ማቆም ነው። የመጨረሻው ለጀርሙ ይረዳል፤ ለክሮሙ አይረዳም።